ብረቱ ስለ ምን ያጉረመርማል?

በብርድ አገር ቤት የሚሞቀው እኛ እንደ ለመድነው በምድጃና በከሰል አይደለም። እሳቱ የሚነደው በምድር ቤት፥ ሰው ዘወትር በማይገባበት በተዘጋ ክፍል ነው። ወደ መኖሪያው ክፍል የሚመጣው እሳቱ ሳይሆን በእሳቱ የሞቀው ውኃ ነው። ውኃውም በቧንቧ ወጥቶ በየመስኮቱ ሥር በተተከለ፥ ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት ውስጥ ይገባና ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ፥ ቀዝቅዞ፥ እንደ ገና ሊሞቅ ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህን ብረት ራዲያተር ይሉታል። የአገራችን ሰው ይህን ስም የሚያውቀው ከመኪና ነው። የመኪናው ሞተር ያቀዘቅዛል፥ ይህኛው ቤት ያሞቃል፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም የውኃን ሙቀት ለአየር ማስረከብ ነው።

ስለዚህ ብረት እንድንጽፍ ያነሣሣን በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ያየነው ነገር ነው። ነገሩ በራሳችን ላይ የሚያሳፍር ስለ ሆነ ለጥቂት ጊዜ ሳንጽፈው ቈይተናል። ዛሬ ግን በየብርድ አገሩ አሮጊት እናትና ሽማግሌ አባት ወስደው የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች እየበዙ ስለ ሄዱ፥ ዝም ማለቱ የማይገባ ሆኖ አገኘነው።

ታላቅ ወንድማችን ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ በዚያ ከተማ በአንድ አሮጌ ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ከእርሱ በላይ ያለው ጣራው ብቻ ነው። እርሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፥ ባለቤቱም በሽተኛ ታስታምማለች፤ ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። እናታችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከእነርሱ ጋራ ናቸው፤ ያን ጊዜ 76 ዓመታቸው ነበር። የተሰጠቻቸው ክፍል በመተላለፊያው መጨረሻ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ጸሎታቸውን የሚያውካቸው ሳይኖር እንዲያደርሱ፥ ሌሊት ከሥራ የሚገባውም ሰው እንዳይቀሰቅሳቸው ተብሎ በፍቅር የተመረጠች ክፍል ናት። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም።

በደረስን ማግሥት እናታችንን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው፥ በእግራቸው ሁለት ካልሲ አጥልቀው አገኘናቸው። ያስላቸው ነበር። «እማዬ፥ ምነው?» ብንላቸው፥ «ትንሽ ይበርደኛል፤ እርጅና ነው» አሉን። ወንድማችንም፥ «ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ማሞቂያውን 5 ላይ አድርጌላታለሁ፥ ከዚያ በላይ ቍጥር የለውም» አለን። እኛም ነገሩን በዓይናችን ሳይሆን በእጃችን ለማረጋገጥ ወደ ብረቱ ሄድን። በፊቱ መጻሕፍታቸው ያሉበት ጠረጴዛ ተጠግቶ ስለ ነበረ ጐንበስ ብለን ከሥር ዳሰስነው፤ ይሞቃል። ወደ ብረቱ የሚገባውን ቧንቧ ብንነካው ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ፈረድን። ብርዱ ከቤቱ ሳይሆን ከዕድሜያቸው ነው ብለን ሦስተኛ ጋቢ ደረብንላቸው።

ይህን ስንፈርድ የፈረድንባት ሴት ማን እንደ ሆነች ማሰብ ይገባን ነበር። እናታችን የተወለዱት በመንዝ፥ ከመሐል ሜዳ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሕፃናት ሆነን እናታችን ያን ውርጭ በባዶ እግራቸው እየረገጡ ውኃ ሲቀዱ አይተናል። የበግ ጠጕር ፈትለው ለባና የሚሆን ድርና ማግ ያዘጋጁ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ብርድን እንዲህ የሚያውቅ ሰው «ይበርደኛል» ሲል፥ ቢያንስ እንደ አንድ የብርድ ዐዋቂ ቃል ሊደመጥ ይገባው ነበር። እኛ ግን ቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈውን ቍጥር አመንን።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ተናገሩ። «ይህ ብረት ሌሊት ያጉረመርማል። ሆዱ እንደ ባዶ ሰው ነው። ውስጡ ምን አለ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። «ውኃ ነው እማዬ» ብለን መለስንላቸው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምንም አልነገራቸውም፥ እኛንም ምንም እንድናስብ አላደረገንም። እርሳቸውም ደግመው አልጠየቁም።

ስለ ምን አልጠየቁም? ይህን ኋላ ነው የተረዳነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከሩስያ ይመጣ የነበረው ጋዝ ሲቋረጥ በጀርመን አገር የማሞቂያ ዋጋ እጅግ ተወድዶ ነበር። መንግሥቱም በዚያው ዓመት ከመስከረም ወር ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ክፍሎች ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ ደንብ አውጥቶ ነበር። እናታችን ቋንቋውን አያውቁም እንጂ ፊት ያነባሉ። ወንድማችን የሒሳቡን ወረቀት ይዞ ከባለቤቱ ጋራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነጋገር አይተዋል። ከዚያ ወዲህ በእርሳቸው ዘንድ «በረደኝ» ማለትና «ገንዘብ ጨምሩልኝ» ማለት አንድ ሆነ። በልጅ ቤት የሚኖር ወላጅ አንድ ነገር አንድ ጊዜ ይናገራል፤ ከተሳቀበት ሁለተኛ አይናገርም።

ጥር 8 ቀን ረቡዕ ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ መሬት ሲነካ ወደ በረዶ ይለወጥ ነበር። መንገዱ መስታወት መሰለ፤ በከተማው አውሮፕላን ማረፊያም አብዛኛው በረራ ተሰረዘ። በዚያ ቀን ማንም ከቤት መውጣት ስላልቻለ እናታችን ለጥምቀት የሚለብሱትን ነጠላ በእጃቸው አጥበው በክፍላቸው ብረት ላይ አሰጡት። ቅዳሜ ጧት የጥምቀት ዕለት ሁላችን ለብሰን በበሩ ቆመን ስንጠብቃቸው አልወጡም። ገብተን ብናያቸው ነጠላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። «አልደረቀም» አሉ። ሦስት ሌሊት በማሞቂያ ላይ ያደረ ስስ ጨርቅ ጥለቱ አሁንም እርጥብ ነበር።

የወንድማችን ባለቤት የራሷን ነጠላ አውጥታ እያለበሰቻቸው፥ «እማማ፥ እኛ ክፍል ቢያሰጡት ኖሮ እኮ በአንድ ሌሊት ይደርቅ ነበር» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ የእናንተ ብረት ያደርቃል፥ የኔ አያደርቅም። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ዘንድሮ ግን ባሰበት» አሉ።

ወንድማችን ደንግጦ፥ «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» ቢላቸው፥ «ነግሬአችኋለሁ፤ ያጉረመርማል አልኋችሁ እኮ» ብለው በትሩን ያዙና ቀድመውን ወጡ።

በዚያን ጊዜ እኛ ጠረጴዛውን ከብረቱ ፊት ገፋ አድርገን እጃችንን በላይኛው ጫፍ ላይ አሳረፍን። እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነበር። እጃችንን ቀስ በቀስ ወደ ታች ብንወስደው እስከ ወገቡ ድረስ ቀዝቃዛ፥ ከወገቡ በታች ለብ ያለ፥ በእግሩ ብቻ ሙቅ ሆኖ አገኘነው። ለ18 ዓመት ያህል ተማሪዎቻችንን ብርጭቆ አስገልብጠን በውኃ ውስጥ እያስደፈቅን፥ «ውኃው እስከ ላይ የማይገባው ስለ ምን ነው?» ብለን ስንጠይቃቸው ኖረናል። «አየሩ ቦታውን ስለ ያዘበት ነው» ብሎ የማይመልስ ልጅ የለም። እነሆ ያ ብርጭቆ ብረት ሆኖ በእናታችን አልጋ ራስጌ ቆሞ ሳለ እኛ ሳንለየው ሰነበትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ በውስጡ አየር ሟሙቶ ይኖራል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከሙቅ ውኃ ይልቅ ብዙ አየር ይይዛል። ይህን ማንም ሰው በድስት ማየት ይችላል፤ ውኃው ገና ሳይፈላ በድስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች ከውኃው የተለየ አየር ናቸው። በማሞቂያውም ውስጥ ውኃው በሞቀ ጊዜ አየሩ ይለያል፥ ቀላል ስለ ሆነም ሽቅብ ይወጣል፥ መውጫ ባጣበት በከፍተኛው ቦታ ይከማቻል። ስለዚህ በፎቅ ቤት አየር የሚበዛው በላይኛው ፎቅ ነው፤ ለእርሱም የመጨረሻው መቆሚያ ብዙ ጊዜ ከቧንቧው መስመር መጨረሻ ያለው ክፍል ነው። አየሩ የብረቱን ላይኛ ክፍል ሲይዘው ሙቁ ውኃ ከሥሩ ብቻ ሾልኮ ያልፋል። ብረቱ በግማሽ ጎኑ ይሠራል፤ ከታች ለሚዳስሰው ሰው ግን ደኅና ይመስላል። ማጉረምረሙም ሌላ ነገር አይደለም፤ ውኃው ከአየሩ ጋራ ሲታገል የሚሰማ ድምፅ ነው። በአገራችን የቧንቧ ውኃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው ከማፍሰሱ በፊት የሚያስለውና የሚተፋው በዚሁ ምክንያት ነው። እናታችን የሰሙት ያንኑ ድምፅ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ያ ቍጥር ነው። እንዲህ ያለውን የብረት ማሞቂያ በመጀመሪያ ሠራ ተብሎ የሚነገርለት በሩስያ አገር በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ፍራንዝ ሳን ጋሊ ሲሆን ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1850ዎቹ ናቸው። ሙቀቱን በራሱ የሚመጥነው ባለ ቍጥሩ እጀታ ግን ብዙ ቈይቶ የመጣ ነው፤ ዴንማርካዊው ማድስ ክላውሰን በ1943 ፈለሰፈው። በእጀታው ውስጥ ሲሞቅ የሚያብጥ ነገር ታሽጎ ይገኛል፤ ክፍሉ ሲሞቅ ያ ነገር አብጦ የውኃውን መግቢያ ይዘጋል፥ ሲቀዘቅዝ ኰምትሮ ይከፍታል። ቍጥር 3 ክፍሉን 20 ዲግሪ ገደማ ላይ አቁም ማለት ነው፤ ቍጥር 5 ደግሞ እስከ 28 ገደማ ድረስ አትዝጋ ማለት ነው። እንግዲህ ቍጥሩ ትእዛዝ እንጂ ምስክር አይደለም። ብረቱ በአየር ከተያዘ እጀታው ቀኑን ሙሉ «ክፈት» እያለ ይጮኻል፥ ክፍሉ ግን አይሞቅም።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለስነው መሽቶ ነበር። በማግሥቱ እሑድ በጀርመን አገር ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። አየሩን ለማስወጣት በብረቱ ላይኛ ጫፍ በአንድ ጎን ትንሽ ብሎን አለች፤ እርሷ የምትከፈተው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ባላት ትንሽ ቍልፍ ነው። ቍልፏ በሕንፃ ዕቃ መደብር በጥቂት ዩሮ ትገኛለች፤ ነገር ግን ወንድማችን በዚያ ቤት 11 ዓመት ሲኖር ቍልፏንም ብሎኗንም አይቶ አያውቅም። እኛ ደግሞ ያጠፋነውን ለመካስ ስለ ቸኰልን ሰኞን መጠበቅ አቃተን። ከመሣሪያ ሣጥኑ ፒንሳ አውጥተን ብሎኗን ጨብጠን ጠመዘዝን። ፒንሳው አንሸራተተ፤ የብሎኗም አንድ ማዕዘን ተላጠ። ሁለተኛ ብንሞክር ኖሮ ማዕዘኖቿ ጨርሰው ክብ በሆኑና ትክክለኛው ቍልፍ ቢመጣም እንኳ የማትከፈት በሆነች ነበር። ይህን የምንጽፈው ሌላ ሰው ፒንሳ እንዳያነሣ ነው።

ያዳነን የወንድማችን ትልቋ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ታች ያሉት አሮጊት አላቸው፤ በወጥ ቤታቸው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ» አለችና ሳናስቆማት በደረጃው ወረደች። ጥቂት ቈይቶ 2ኛ ፎቅ የሚኖሩ ጀርመናዊት ባልቴት ቍልፏን በቀይ ክር አስረው፥ በአንድ እጃቸው ጣሳ፥ በሌላው አሮጌ ፎጣ ይዘው ደረጃውን እያረፉ ወጡ። ወንድማችን በዚያ ሁሉ ዓመት ከእኒህ ሴት ጋራ ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። ወደ ክፍሉ ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ብሎኗን ማየት አልነበረም። እጃቸውን በብረቱ ራስ ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ዞር ብለው እናታችንን አዩአቸውና ለልጅቷ አንድ ነገር ነገሯት። ልጅቷም ወደ አማርኛ መለሰችው፦ «እዚህ ክፍል እርስዎ ነዎት የሚተኙት? ይላሉ።»

እናታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ አሮጊቶች ለጥቂት ጊዜ ተያዩ። እኛና ወንድማችን ወለሉን አየን።

ባልቴቲቱ እጀታውን ሙሉ በሙሉ አስከፈቱን። ፎጣውን በብሎኗ ሥር በግድግዳው ላይ አደረጉት፤ ጣሳውን ለወንድማችን አስያዙት፤ ቍልፏን በብሎኗ ላይ አጥልቀው ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል ብቻ አዞሩ። ስስ ፉጨት ተሰማ። የወጣው አየር የዛገ ብረትና የረጋ ውኃ ይሸታል። ፉጨቱ ደቂቃ አለፈው፥ ሁለት ደቂቃ ሆነው፤ ወንድማችን ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጎ ቍልፏን ከእጃቸው ተቀብሎ አንድ ዙር ጨመረ። ያን ጊዜ ጥቍር ውኃ ከጣሳው ዐልፎ በግድግዳውና በአልጋው ላይ ባለው ነጭ ጋቢ ላይ ተረጨ። ባልቴቲቱ እጁን መታ አድርገው ቍልፏን ነጠቁትና መለስ አደረጓት። ከዚያም ቀጭኑ ውኃ አየር ሳይቀላቀልበት ያለ ማቋረጥ እስኪወርድ ጠብቀው ዘጉ፤ ሲዘጉም ጠበቅ አደረጉ እንጂ ጕልበታቸውን አልጨመሩበትም።

የውኃው መጥቈር ወንድማችንን አስደንግጦት ነበር፤ የሚያስደነግጥ ግን አይደለም። በማሞቂያው ውስጥ የሚዞረው ዓመታት የኖረ ውኃ ነው፤ ኦክሲጅኑ ስላለቀ ብረቱ እንደ ውጭው ቀይ ሆኖ ሳይሆን ጥቍር ሆኖ ይዝጋል። የሚያስፈራው ይልቁን ዘወትር አዲስ ውኃ መጨመሩ ነው፤ አዲስ ውኃ አዲስ ኦክሲጅን ያመጣልና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ጋቢው ግን እስከ ዛሬ አልጠራም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ በብረቱ ላይ ሽቅብ ሲወጣ በእጃችን ተከተልነው። ማጉረምረሙም ተወ። ወንድማችን ለልጁ ገዝቶት የነበረውን የክፍል ቴርሞሜትር ጧት በእናታችን ጠረጴዛ ላይ ስናደርገው 15 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ ማታ 20 አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ በብርድ ወቅት ቤት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ፥ ለሽማግሌዎችና ለሕፃናት ለበሽተኞችም ከዚያ እንዲበልጥ ይመክራል። እናታችን ከ18 በታች ስንት ሌሊት እንዳደሩ እኛ ልንቈጥረው አልደፈርንም። በክፍሏ ጥግ በአልጋው ሥር የጠቈረ ሻጋታ አግኝተናል፤ በቀዘቀዘ ግድግዳ ላይ የሰው ትንፋሽ ወደ ውኃ ተለውጦ ስለሚያርፍ እንዲህ ያለው ሻጋታ የብርድ ክፍል ምልክት ነው። ሳላቸው ሁሉ ከዚያ መጣ አንልም፤ ሐኪም አይደለንምና። ከዚያ በኋላ ግን እየቀነሰ ሄደ።

እንግዲህ በብርድ አገር ያሉ አንባብያን ከጥቅምት በፊት፥ ማሞቂያው ሥራ እንደ ጀመረ፥ የየክፍላቸውን ብረት ራሱንና እግሩን በእጃቸው ይዳስሱ። በቤቱ ውስጥ የራሱ ቦይለር ያለው ሰው አስቀድሞ ፓምፑን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ይቈይ፤ ውኃው ሲረጋ አየሩ ወደ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል፥ የሚወጣውም ውኃ እጁን አይፈጀውም። ቤቱ ፎቅና ምድር ከሆነ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይሂድ። በሕንፃ ውስጥ በኪራይ የሚኖር ሰው ግን ፓምፑ በእጁ አይደለምና የሚወጣው ውኃ ትኩስ ሊሆን እንደሚችል ዐውቆ ፊቱን ያርቅ፥ እጁን በወፍራም ጨርቅ ይጠቅልል። ሕፃን በአጠገብ አይቁም። ብሎኗን ከቦታዋ ጨርሶ የሚያወጣ ሰው ቤቱን በጥቍር ውኃ ያጥለቀልቃል፤ በትኩስ ውኃ ግፊት ወደ ቦታዋ መመለስም ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ብሎን በቍልፍ ሳይሆን በካቻቢቴ ይከፈታል፤ ይህን ከመጀመር በፊት አይቶ መለየት ነው።

አየሩ ሲወጣ ቦታውን ውኃ ይይዘዋልና በቦይለሩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ዝቅ ይላል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ 1 ባር ያህል ስለሚከብድ፥ ውኃውን ወደ 4ኛ ፎቅ ለማድረስ ምድር ቤት ያለው ግፊት ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ በአንድ ቤተ ሰብ ቤት ግን ውኃው ቀዝቅዞ ሳለ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ባር ይበቃል። በእኛ በኩል ወንድማችን ሰኞ ጧት ለሕንፃው ተቈጣጣሪ ስልክ ደወለ፤ እርሱም መጥቶ ግፊቱ ዝቅ ብሎ አገኘውና ውኃ ጨመረ። ምናልባትም ከመጀመሪያው አየሩን ወደ እናታችን ክፍል ያመጣው ይኸው የግፊት ማነስ ነበር። ብረቱ በየሳምንቱ ቢያጉረመርም መድኃኒቱ ብሎን መክፈት አይደለም፤ የሚያንጠባጥብ ቦታ ወይም የተበላሸ ነገር አለና ባለሙያ ይጠራ። ራሱ ሞቆ እግሩ ቢቀዘቅዝ ደግሞ ነገሩ አየር አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ በሥሩ የተከማቸ ዝገትና ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ቍልፍ አያወጣውም። አልጋ፥ ሶፋና ወፍራም መጋረጃ ከብረቱ ፊት መራቅ እንዳለባቸው መናገር ለልጅ እንኳ የሚቀል ነው፤ ይሁን እንጂ በገባንበት ቤት ሁሉ አንዱ ቆሞበት አይተናል፥ በወንድማችን ቤት ጠረጴዛው እንደ ነበረ።

ባልቴቲቱ በዚያ እሑድ ሊሄዱ ሲነሡ እናታችን እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸውና ቡና አፈሉላቸው። ልጅቷ መካከላቸው ተቀምጣ ታስተረጕም ነበር፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ግን ደክሟት ተኛች። እነርሱ አላቆሙም። አንዷ በጀርመንኛ ሌላዋ በአማርኛ ስለ ጕልበታቸው ሕመም ተነጋገሩ፤ ጕልበትን በጣት ማሳየት ስለሚቻል ተግባቡ።

ሰኞ ወንድማችን ሁለት ቍልፍ ገዛ። አንዱን በመሣሪያ ሣጥኑ አኖረው። ሁለተኛውን እናታችን ተቀብለው ከነጠላቸው ጥለት በተመዘዘ ክር አስረው በአልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት።

በተከታዩ ዓመት በኅዳር ወር ስልክ ደውለን ስለ ጤናቸው ጠየቅናቸው። «ደኅና ነኝ። ማክሰኞ ሌሊት ጀምሮት ነበር» አሉ።

«ምን ጀመረሽ እማዬ? ሳሉ ነው?»

«ብረቱ ነዋ። ጧት ተነሣሁና ጨርቄንና ጣሳዬን ይዤ ከፈትሁት። ተነፈሰ፥ ተነፈሰ፥ ከዚያ ተፋ። ዘጋሁት።»

«ወንድማችን የት ሄዶ ነው አንቺ የከፈትሽው?»

«ሥራ ላይ ነበር። የእርሱንም ክፍል ዳሰስሁት፤ ራሱ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ከፈትሁለት» አሉን።